ጡረታ የወጡት መሪና ራሱን የዘጋው ማኅበር

በአሜሪካ አይሁዳውያን ዘንድ ማኅበረሰብን ማገልገል እንደ ሕክምናና እንደ ሕግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ትምህርት፣ ደመወዝ፣ የሥራ እርከንና ጡረታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተወለዱት ግሬነም በርገር የዚህ ሙያ ሰው ነበሩ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በብሮንክስ የማኅበረሰብ ማዕከል መርተዋል፤ ከዚያም በኒውዮርክ የአይሁድ በጎ አድራጎት ፌዴሬሽን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት አገልግለው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጡረታ ወጡ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስማቸው በአማርኛ የሚነሣበት ምክንያት ባልነበረ።

በርገር ስለ ቤተ እስራኤል ያወቁት በ1950ዎቹ ነው፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ኢትዮጵያ ድረስ ሄደው ሕዝቡን ጎብኝተዋል። የአሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ማኅበርን የመሠረቱትና መልክ ያስያዙት በጡረታቸው ዋዜማና ማግሥት ነበር። ወቅቱ አመቺ ይመስል ነበር። በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ የቤተ እስራኤልን አይሁዳዊነት አጸኑ፤ በ1975 የመመለስ ሕግ ለእነርሱም እንዲሠራ ተወሰነ። ይሁንና በ1977 እስራኤል ውስጥ የነበሩት ገና ጥቂት መቶዎች ብቻ ነበሩ።

የበርገር ትግል ትኩረት የሚስበው እዚህ ላይ ነው። ባላንጣቸው ዕድሜያቸውን የሰጡት ተቋም ራሱ ነበር። ማኅበራቸው የእስራኤልን መንግሥት፣ የአይሁድ ኤጀንሲንና ታላላቆቹን የአሜሪካ ድርጅቶች በዳተኝነት ከሰሰ፤ እነርሱም በበኩላቸው ይህ ሁሉ ጩኸት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል አሉ። ስጋታቸው መሠረተ ቢስ አልነበረም። በ1985 መጀመሪያ የሙሴ ዘመቻ ወሬ በአደባባይ ሲወጣ ሱዳን በረራውን አቁማለች። ቢሆንም በርገር የፌዴሬሽን በጀት እንዴት እንደሚመደብና ቦርድ ምን እንደሚያስፈራው ከውስጥ ያውቁ ነበር። በእኔ ግምት ይህ እውቀት ጥርስ ያወጣው የደመወዝ ጥገኝነቱ ሲቀር ነው።

በ1979 ዮና ቦጋለ በሞንትሪያል በተካሄደው የፌዴሬሽኖቹ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቀረቡ። እኒህ አዛውንት በትምህርት ሚኒስቴር አገልግለው፣ በኋላም የቤተ እስራኤልን ትምህርት ቤቶች መርተው በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የወጡ ነበሩ። አንድ የኒውዮርክ ባለሙያ በደብዳቤ ሊያስረዳው የማይችለውን፣ የጉዳዩ ባለቤት በአካል ቆሞ ተናገረ። የአሜሪካው ማኅበር ታሪክ ሲነገር ይህ እንዳይዘነጋ። በሱዳን በኩል ያለውን መንገድ በእግራቸው የከፈቱት፣ በሺዎችም የሞቱበት፣ ቤተ እስራኤላውያን ራሳቸው ናቸው።

በርገር ግን ወንበሩን አልሙጥኝ አላሉም። በ1978 አመራሩ ወደ ካሊፎርኒያው የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር ሃዋርድ ሌንሆፍ፣ በ1982 ደግሞ ወደ ቺካጎው ነጋዴ ኔት ሻፒሮ ተላለፈ። (በእኛ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት መሥራች ሊቀ መንበር ከወንበሩ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በጠብ ወይም በሞት መሆኑን አንባቢ ያውቃል።) የማኅበሩ ትልቁና አከራካሪው ሥራ የተፈጸመው ከእርሳቸው ዘመን በኋላ ነው። በ1990 የማኅበሩ ወኪሎች ቤተ እስራኤላውያንን ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ማጓጓዝ ጀመሩ። ገበሬው ከመሬቱና ከከብቱ ተነቅሎ በከተማ ጎጆ ሲታጨቅ በሽታው በረታ፤ ብዙ ሕፃናትም ሞቱ። ነገር ግን በግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ በሁለት ቀናት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ሊያነሣ የቻለው ሕዝቡ አስቀድሞ አዲስ አበባ በመሰብሰቡ ነው።

ማኅበሩ በ1993 ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ራሱን ዘጋ። ማኅበር ከዓላማው በላይ ዕድሜ እንዳይኖረው መወሰን ብርቅ ነው፤ አደንቀዋለሁ። ግን የትኛው ዓላማ? ፈላሽ ሙራ የሚባሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በአዲስ አበባና በጎንደር ተራ እየጠበቁ ነበር፤ የእነርሱ ጉዳይ ለሌሎች ድርጅቶች ተረፈ። በጥር 1996 ደግሞ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በስውር ይደፋ እንደነበር ተጋልጦ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተቃውሞ ወጡ። ማኅበሩ ከተዘጋ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ወደ ዘጠና ዓመት የተጠጉት በርገር በዚያው ዓመት የማዳን ትግሉን ትዝታ በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1999 አረፉ።