በልጅነቷ የተመታች፣ ለብዙዎች የተረፈች

በልጅ ላይ የሚነሳ እጅ ጉዳቱ እስከ የት እንደሚዘልቅ ታሪክ ይነግረናል።

ሐሪየት ተብማን እ.ኤ.አ. በ1822 ገደማ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከባሪያ ወላጆች ተወለደች። በ6 ዓመቷ ገደማ ሕፃን እንድትጠብቅ ለሰው ቤት ተከራየች፤ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ትገረፍ ነበር። ጠባሳው ዕድሜ ልኳን አልጠፋም። ከፍ ስትል ደግሞ አንድ የባሪያ አለቃ በሚሸሽ ሰው ላይ የወረወረው የሚዛን ብረት ራሷን ፈነከታት። ያለ ሕክምና ወደ እርሻ ሥራ መለሷት። ከዚያ ወዲህ ድንገተኛ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር።

ሕመሙ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1913 አብሯት ኖረ። ሆኖም በ1849 ከባርነት አመለጠች፤ 13 ጊዜ ያህል ተመልሳም 70 የሚያህሉ ሰዎችን ነጻ አወጣች። በጉዞ ላይ እንቅልፉ ሲጥላት አብረዋት ያሉት እስክትነቃ ይጠብቋት ነበር። የተጎዳ ሰው ቁስሉ ባይጠፋም የሚታገሠው ወገን ካገኘ ይበረታል።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ከልጅነታቸው ጀምሮ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) 10 ዓመት ሲያገለግሉ አንድም የምሬት ቃል እንዳልሰሙ መስክረዋል። እስቲ በየቤታችን የምታገለግለውን ልጅ እናስብ። እርሷም አማና ናት፤ ነገ በአላህ ፊት እንጠየቅባታለን።