ከቻይና መንገድ የመጣው ሻይ

ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫንና ጋሸናን አቋርጦ ወልድያ የሚገባውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በዚህ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ስለገባው ነገር ሁሉ ቢጻፍ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ግን አንዲት ጣሳ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው።

በቅድሚያ ስለ መንገዱ ጥቂት ልበል። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በኅዳር ወር 1963 ዓ.ም. ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1964 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፔኪንግ ድረስ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ፤ የኢኮኖሚና የቴክኒክ ትብብር ስምምነትም ተፈረመ። ከዚያ ስምምነት ፍሬዎች አንዱ ይህ መንገድ ነው። ውሉ የንጉሡ፣ ላቡ ግን በአብዛኛው የደርግ ዘመን ነው። ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ ሲያዞር፣ ሞስኮና ፔኪንግ ደግሞ ዓይንና ናጫ በነበሩበት ሰዓት፣ ቻይናዎቹ ዶማቸውን ጥለው አልሄዱም። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ደብረ ታቦር መንገድ ሲጠረግ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ በጋይንት በኩል ተራራውን እየናዱ መንገድ ያበጁ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። የቻይናው መንገድ ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ጋይንት ሲያቀና የንጉሡን አቅጣጫ የተከተለ ይመስላል፤ ልዩነቱ ያኛው መድፍ ሊያሳልፍ፣ ይኸኛው አውቶቡስ ሊያሳልፍ መጠረጉ ነው።

አባቴ በመንገዱ ሥራ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ዘበኛ ነበር። እኛ ልጆች ቻይናዎቹን የምናውቃቸው በሰማያዊ ልብሳቸው፣ አበባ በተሳለበት ፔርሙዛቸውና ከእጃቸው በማይለየው ባለ ክዳን ኩባያቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ከፔርሙዙ ውኃ ይጨምራሉ፣ ይጠጣሉ፣ እንደገና ይጨምራሉ። ኩባያው ውስጥ ቅጠል ሲንሳፈፍ እናያለን። «ሣር ነው የሚጠጡት» ተባባልን። ካምፑ አጠገብ ቆመን «ቻይና! ቻይና!» እያልን እንጮሃለን፤ እነሱም እጃቸውን ያወዛውዙልናል።

ከእነሱ አንዱ አባቴን ይወደው ነበር። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እግዜር ይወቀው። በአንድ የፋሲካ ማግስት አባቴ ይህን ሰው ቤታችን ይዞት መጣ። ሰውዬው በሁለት እጁ አንዲት ጣሳ ለእናቴ አቀረበ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ገና የታጨደ ሣር የመሰለ፣ ቀለሙም ያላለቀለት አረንጓዴ ቅጠል ነበር። ሻይ መሆኑን ገመትን።

እናቴ ባለሙያ ናት። በራዱን ጣደች፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አደረገች፤ ከቅጠሉም በጣቷ ቆንጥራ ጨመረች። ፈላ። አልጠቆረም። ደግማ ጨመረች። አሁንም ቢንተከተክ ቢንተከተክ ከቢጫ አላለፈም። የጠቆረ ሻይ እንጂ የቢጫ ሻይ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ስለመሰላት በመጨረሻ አንድ እፍኝ ሙሉ ዘግና ከተተችና ከሰሉን አራገበች። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ነበር፤ ለወር ከተሰጠን ውስጥ የቀረችውን በብርጭቆው ገለበጠችለት።

እኛም ቀመስን። ኮሶ ነው! አባቴ ፊቱን ላለማጨማደድ ሲታገል አይቼዋለሁ። ሰውዬው ግን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጭላጩ ጠጣው። እናቴ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብላ ደገመችለት። ያንንም ጠጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነና ሄደ። ከዚያ በኋላ «የቻይና ሻይ» በሰፈራችን መራራ ነገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ቅጠሉ ተደፋ፤ ጣሳዋ የቅመም ማስቀመጫ ሆነች።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ቻይና ተምሮ የተመለሰ አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ቤቱ ጋብዞኝ ከሃንግዡ ከተማ የመጣ ሎንግጂንግ የተባለ አረንጓዴ ሻይ ፊት ለፊቴ አፈላ፤ «አፈላ» ማለት እንኳ አይገባኝም። ቅጠሉን እሳት አላየውም። ያን ቀን ነው በልጅነቴ የሠራነው ግፍ የተገለጸልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አረንጓዴውም ጥቁሩም ሻይ የሚለቀሙት ከአንድ ዓይነት ተክል ነው። ጥቁሩ ከተለቀመ በኋላ ይጠወልጋል፣ ይታሻል፣ አየር እያገኘው ይጠቁራል። ኢሉባቦር ውስጥ ጉማሮ፣ ከፋ ውስጥ ውሽውሽ የሚመረተውና እኛ ያደግንበት ሻይ ይኸው ነው፤ ቢፈላም ይችላል፣ ስኳርም ቅመምም ይሸከማል። አረንጓዴው ግን ቶሎ በእሳት ተነክቶ ባለበት እንዲቆይ የተደረገ ቅጠል ነው። ሎንግጂንግን በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በእጅ እየጫኑ ያምሱታል፤ ጠፍጣፋ የሚሆነው በዚህ ነው። በጣም የሚወደደው በፀደይ መባቻ፣ እነሱ ቺንግሚንግ ከሚሉት የሙታን መታሰቢያ በዓል በፊት የተለቀመው ለጋ ቡቃያ ነው። እንዲህ ያለውን ቅጠል የሚንተከተክ ውኃ ሲያገኘው ምሬቱን ሁሉ አውጥቶ ይሰጣል። 80 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውኃ ይበቃዋል። በአንድ ብርጭቆ ሁለት ሦስት ግራም፤ መጀመሪያ ሲሶውን ውኃ አፍስሶ ቅጠሉ እስኪርስ መጠበቅ፣ ከዚያ መሙላት። ቅጠሉ ቀስ እያለ ይዘረጋል፣ ይቆማል፣ ይሰምጣል። ስኳር የለ፣ ቅመም የለ። ሲሶው ሲቀር ውኃ ይጨመርበታል፣ እንደገናም ሦስተኛ ይደገማል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው! ብዙዎቹ ቶናውን ከአቦሉ አስበልጠው ይወዱታል። ቡና ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም።

እናቴ አላወቀችም ብዬ ዝም እንዳልል የሚያደርገኝ ግን ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ8ኛው ምዕተ ዓመት ሉ ዩ የተባለ ቻይናዊ ስለ ሻይ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚህ መጽሐፍ ሻይን ከሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከብርቱካን ልጣጭና ከመሳሰለው ጋር አብረው የሚያንተከትኩ ሰዎችን አምርሮ ይነቅፋል፤ መጠጡን ቦይ ውስጥ ከሚደፋ እጣቢ ጋር ያስተካክለዋል። ሰዎቹ እንደማይተዉትም ያማርራል። እሱ ራሱ ቅጠሉን ፈጭቶ፣ በጨው ያፈላ ነበር። ዛሬ «የቻይና ወግ» የምንለው፣ ልቅ ቅጠልን በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ የተስፋፋው ከብዙ ዘመን በኋላ የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች እ.ኤ.አ. በ1391 ተጠፍጥፎ የሚመጣው የሻይ ግብር ቀርቶ ልቅ ቅጠል ይምጣልኝ ካለ ወዲህ ነው። እንግዲህ የእናቴ በራድ ከሰውዬው ኩባያ የቀደመ ዘር አለው ማለት ነው። ቅመሙ ከየት እንደመጣ ለጊዜው ልተወውና፣ ቃሉ ግን መንገዱን ይናገራል። በየብስ የተጓዘው «ቻ» ፋርስ ሲደርስ «ቻይ»፣ ዐረብ ሲደርስ «ሻይ» ሆኖ ለእኛ ደረሰ። በመርከብ ከፉጂያን የወጣው ደግሞ «ቴ» ተብሎ አውሮፓ ገባ። ጣልያን ይህንኑ «ቴ» ይዞ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ነበር፤ ማኪያቶው ሲቀር «ቴ»ው አብሮት ተመለሰ።

ጎንደሬ በመጠጥ ነገር ቸኩሎ የሚፈርድ ሕዝብ ነው። ቡናን እንኳ ክርስቲያኑ «የሙስሊም መጠጥ» ብሎ ለረዥም ጊዜ ሲሸሸው ኖሮ ነው ዛሬ ያለ እሱ ቀኑ የማይነጋለት። ስለዚህ አንዲት ጣሳ አረንጓዴ ቅጠል በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈርዶባት ብትደፋ ብዙም አይደንቅም።

በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ደብረ ታቦር ስሄድ ከዚያ ሎንግጂንግ ጥቂት ይዤ ሄድኩ። ሉ ዩ ከውኃ ሁሉ የተራራ ውኃን፣ ቀጥሎ የወንዝን፣ መጨረሻ የጉድጓድን ያስቀምጣል። ጉና ተራራ ሥር ላለ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ከጉና ግርጌ የተቀዳ የምንጭ ውኃ በጀሪካን አስመጣሁ። ሌላም ነገር አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ነው። የሃንግዡ ሰው ውኃው እስኪበርድለት ረዘም አድርጎ ሲጠብቅ፣ የእናቴ ምድጃ ግማሹን መንገድ አስቀድሞ ጨርሶታል።

እናቴ አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው። ብርጭቆውን በመስኮቱ ብርሃን አንስታ ቅጠሎቹ ሲቆሙ ሲሰምጡ አየች። ቀመሰች።

«ስኳሩስ?»

«የለውም እማዬ። እንዲሁ ነው።»

ደግማ ቀመሰች። «የገብስ እሸት ይሸታል» አለች። የሎንግጂንግን ሽታ ከዚህ የተሻለ የገለጸ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቻይናዎቹ የተቆላ የቼስትነት ፍሬ ይመስላል ነው የሚሉት። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና፣ ብርጭቆውን መደቡ ላይ አስቀምጣ፣

«ታዲያ ያ ሰውዬ ያን እንዴት ጠጣው?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ።

«ሁለት ብርጭቆ እኮ ነው ያጠጣሁት! በሞቴ እያልኩ!» እጇን አፏ ላይ ጫነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለመለየት አልቻልኩም። «ስሙ ማን ነበር?»

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እኛ ደግሞ ከ«ቻይና» በቀር ሌላ ስም ጠርተነው አናውቅም።

ከፔርሙዙ ውኃ ጨመርኩላት።