ርስትና ጉልት፣ ፎርክና ኤርድሮፕ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን አባባል የመንዝ፣ የቀየት፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደገኛ ያህል ኖሮበት ያየ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው ቀዬውን ለቆ አርባ ዓመት ሌላ አገር ቢኖር እንኳ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ተመልሶ «የአባቴ ድርሻ ይቆረስልኝ» ማለት ይችል ነበር። ዘመዶቹ ደስ ላይላቸው ይችላል። ጥያቄውን ግን «ጊዜው አልፏል» ብለው አይመልሱትም ነበር።

ዛሬ ይኸው ጥያቄ በስልክ በኩል እየመጣ ነው። ከዓመታት በፊት ትንሽ ቢትኮይን ወይም ኢቴሪየም ይዞ የነበረ ሰው፣ አሜሪካ ያለው ዘመዱ ዋሌት ከፍቶለት የረሳው ሰው፣ ወይም ቴሌግራም ላይ ጣቱ እስኪደነዝዝ ስክሪን ሲነካካ የከረመ ወጣት አንድ ቀን መልእክት ይደርሰዋል፦ «በድሮው ዋሌትህ ውስጥ ያልወሰድከው ገንዘብ አለ፣ ና ውሰድ»። አንዳንዴ ነገሩ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወጥመድ ነው። እውነቱን ከወጥመዱ ለመለየት የኮምፒውተር ምሁር መሆን አያስፈልግም። አያቶቻችን ጠንቅቀው የሚያውቋቸው ሁለት ቃላት ይበቃሉ፤ ርስት እና ጉልት።

ከመሬቱ እንጀምር። በአፈ ታሪኩ መንዝ የማማ፣ የላሎና የጌራ ነው። የሦስቱ አባቶች ስም ዛሬም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር በሚባሉት ወረዳዎች ላይ ይኖራል። የርስት መነሻ እንዲህ ያለ አቅኚ አባት ነው። ርስት ጠያቂ ማስረዳት የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ አባት መወለዱን። በአባቱም በእናቱም በኩል መቁጠር ይችላል። መብቱን የሰጠው ሹም ስለሌለ ሹም ዘንድ ሄዶ «ስጡኝ» አይልም። «የኔ ነው፣ አካፍሉኝ» ነው የሚለው።

የጓሳ ነገርም ከዚሁ ይቆጠራል። በጌራ ምድር ያለው የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበሩ። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋና ሲከፈት ባለመብቱ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ያጭዳል። በተዘጋበት ዘመን ያላጨደ ሰው ድርሻው አልጠፋም። መብቱ የቆመው በትውልዱ ላይ ነበርና።

ጉልት ሌላ ነገር ነው። ጉልት ንጉሥ ለጦር አለቃው፣ ለባለሟሉ ወይም ለደብር የሚሰጠው ከሰው መሬት ግብር የመብላት መብት ነበር። ማን እንደሚያገኝ፣ ምን ያህል እንደሚያገኝና እስከ መቼ እንደሚቆይበት የሚወስነው ሰጪው ነው። አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወይም ፊት ሲነሳ ጉልቱም ይነሳል። ባለ ርስት ዘሩን ሲቆጥር ባለ ጉልት የጌታውን ፊት ያያል። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በሕግ ቀረ። ርስትም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው በተባለበት አዋጅ አበቃ። ልዩነታቸውን ማወቅ ግን ዛሬም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ክሪፕቶው እንሂድ። ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ብሎክቼይን ማለት ቅጂው በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ አንድ የሒሳብ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚጠብቁት ሰዎች በሕጉ ላይ ካልተስማሙ ከአንድ ገጽ ጀምሮ ሁለት መዝገብ ይሆናል። ፎርክ የሚሉት ይህንን ነው፤ መንገድ መንታ ሲሆን እንደማለት። ከመለያያው በፊት ያሉት ገጾች ግን የሁለቱም የጋራ ናቸው። ስለዚህ በዚያ የጋራ ገጽ ላይ አሥር ሳንቲም የነበረው ሰው ከተለያዩ በኋላ በአንዱም አሥር፣ በሌላውም አሥር ይኖረዋል።

የታወቀው ምሳሌ ኢቴሪየም ነው። ሰኔ 2016 ላይ ዘ ዳኦ ከተባለው የጋራ ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር ተዘረፈ። አብዛኛው ወገን «መዝገቡን አርመን ገንዘቡን እንመልስ» አለ። ጥቂቱ ደግሞ «የተጻፈ አይፋቅም» አለ። ሐምሌ 20 ቀን 2016 በብሎክ 1,920,000 ላይ ተለያዩ፤ አናሳው ወገን የያዘው መዝገብ ዛሬ ኢቴሪየም ክላሲክ ይባላል። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017፣ በብሎክ መጠን የተጣሉት የቢትኮይን ሰዎችም ተለያዩና ቢትኮይን ካሽ ተወለደ። በዚያች ቀን በገዛ ዋሌቱ ቢትኮይን የነበረው ሁሉ በእያንዳንዱ ቢትኮይን ልክ አንድ ቢትኮይን ካሽ አገኘ። ያላወቀም፣ የተኛም አገኘ።

ብዙ ሰው ይህን ከገንዘብ ቅየራ ጋር ያምታታዋል። እኛ የምናውቀው ቅየራ ሌላ ነው። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ከብር ወጥታ ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም ኖቶቿን ቀየረች። በአንድ አሮጌ ኖት ናቅፋም አዲስ ብርም የወሰደ ሰው የለም፤ ወይ ይሄ ነው ወይ ያ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲሶቹ ብሮች ሲታወጁም አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ በማድጋ ውስጥ የተገኘ አሮጌ ብር ወረቀት ብቻ ነው። በፎርክ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ቀነ ገደብም የለም። የ2017ቱን ቢትኮይን ካሽ ያልወሰደ ሰው ቁልፉ በእጁ ካለ ዛሬም ይወስዳል። ማመልከቻ የሚጽፍለት ቢሮ የለም፤ የሚከለክለውም የለም። ፎርክ ርስት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ርስት ግን ምስክር ይፈልጋል። ዘር ቆጣሪው ሽማግሌ ሲሞት ማስረጃው አብሮት እንደሚቀበር ሁሉ ሚስጥራዊ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ዘላለም ባለመብት ቢሆንም ዘላለም አይደርስበትም። ሳንቲሙን በገዛ ዋሌቱ ሳይሆን በመገበያያ ድርጅት ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ርስቱን በሌላ ሰው ስም እንዳስመዘገበ ነው። በ2017 ኮይንቤዝ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ መገበያያ መጀመሪያ ቢትኮይን ካሽን አላስተናግድም አለ። ደንበኞቹ ሲጮኹበት ሐሳቡን ቀየረና በታኅሣሥ ወር ሰጣቸው። በእነዚያ ወራት ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ባለቤቶቹ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። ቁልፉ በእጃቸው የነበረ ሰዎች ግን ማንንም አልለመኑም።

ርስት ሁሉ እንደማያበላም እንወቅ። ከቢትኮይን ካሽ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ «ቢትኮይን» የሚል ቅጽል የለጠፉ ብዙ ፎርኮች ፈሉ። አብዛኞቹ ዛሬ ገዢ የላቸውም። ሐረግ መዝዘህ፣ ዳገት ወጥተህ፣ የደረሰህ ቁራጭ ጭንጫ ሊሆን ይችላል። ከመድከም በፊት ሳንቲሙ ዛሬ የት እንደሚሸጥና በስንት እንደሚሸጥ ማየት ይቀድማል።

ኤርድሮፕስ? ኤርድሮፕ ጉልት ነው። አንድ ድርጅት አዲስ ቶክን ይፈጥርና ለመረጣቸው ሰዎች ያድላል። ዩኒስዋፕ በመስከረም 2020 ከወሩ መባቻ በፊት አገልግሎቱን ለተጠቀመ ለእያንዳንዱ አድራሻ 400 ዩኒ ሰጠ። በወቅቱ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ዓለምን ለኤርድሮፕ ያስጎመጀው ያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰጪዎች ግን ቀነ ገደብ መቁረጥ ለመዱ። አርቢትረም መጋቢት 2023 ላይ ማደል ጀምሮ በስድስት ወሩ በሩን ዘጋ። 69 ሚሊዮን ገደማ ያልተወሰደ ቶክን ወደ ማኅበሩ ካዝና ተመለሰ። «በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እዚህ አይሠራም።

እኛ አገር ወጣቱ ኤርድሮፕን ያወቀው በ2024 በቴሌግራም ነው። ኖትኮይን በግንቦት መጣ። ነሐሴ ላይ የመጣው ዶግስ የሚያድለው በቴሌግራም አካውንት ዕድሜ ነበር፤ ስለዚህ የድሮ አካውንት በድንገት ሀብት መሰለ። ሀምስተር ኮምባት ደግሞ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ እያለ ለወራት ሰውን አነካካ። መስከረም 26 ቀን ሲያድል ማን ብቁ እንደሆነ የወሰነው ራሱ ነው። 2.3 ሚሊዮን ያህሉን «አጭበርብራችኋል» ብሎ ሰረዘ። ካገኙትም ብዙዎቹ ከወራት ድካም በኋላ የደረሳቸው ጥቂት ዶላር ነው። ብዙ ወጣት «መብታችን ተነካ» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ይገባኛል፤ ግን መጀመሪያውኑ መብት አልነበረም። የጌታ ፊት እየታየ የሚኖርበት ጉልት ነበር። ይህን ቀድሞ የተረዳ ሰው እንቅልፉንና የዳታ ገንዘቡን ሲያወጣ በልኩ ያወጣ ነበር።

ወደ ወጥመዱ እንምጣ። በርስት ዘመን ከተቀናቃኙ ዘመድ ይልቅ አክሳሪው «እኔ ልሟገትልህ» ባዩ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በዚህ ዘመንም የጥንት ዋሌት ባለቤትን የሚያራቁተው ቀነ ገደቡ አይደለም፤ ሊረዳው የመጣው ሰው ነው። ጥቅምት 2017 ላይ ቢትኮይን ጎልድ የተባለው ፎርክ ሲወጣ ሳንቲሙን ለማውጣት እረዳለሁ የሚል ድረ ገጽ ተከፈተ። ሰዎች የዋሌታቸውን ሚስጥራዊ ቃላት አስገቡ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዘረፉ፤ የተወሰደባቸው አዲሱ ሳንቲም ብቻ ሳይሆን ዋናው ቢትኮይን ጭምር ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዋሌት ሲከፈት የሚሰጠው 12 ወይም 24 ቃል የሁሉም በር ቁልፍ ነው። መዝገቡ መንታ ሲሆን ቁልፉ መንታ አልሆነም። ያው አንዱ ቁልፍ ዋናውንም ፎርኩንም ይከፍታል። ለትንሹ ጎተራ ብለህ ቁልፉን ስትሰጥ ትልቁንም ሰጠህ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው። መጀመሪያ አዲስ ዋሌት በአዲስ ቃላት ይከፈታል። ዋናው ሳንቲም ወደዚያ ይዛወራል። ይህ የፎርኩን ድርሻ አያጠፋም፤ ድርሻው የሚቆጠረው መዝገቡ በተለያየበት ቀን በነበረው ነውና። የድሮው ዋሌት ከዋናው ሳንቲም ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ የድሮዎቹ ቃላት ፎርኩን በሚያውቅ፣ በታወቀና ከራሱ ምንጭ በወረደ ዋሌት ላይ ይገባሉ። ኤርድሮፕ ሲሆን ደግሞ ሚስጥራዊ ቃል የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። ድርሻ ለመስጠት የሚያስፈልገው አድራሻ ብቻ ነው። ቃላቱን ሳይጠይቁ «ይህን ፍቀድ» የሚል ቁልፍ የሚያስነኩም አሉ፤ ፈቃዱ ግን ዋሌቱን ያለ ጠያቂ እንዲያራግፉ ነው። ስለዚህ ኤርድሮፕ የሚወሰደው ሌላ ምንም በሌለበት ዋሌት ነው። «አስቀድመህ ይህን ያህል ላክና እንለቅልሃለን» የሚለውም ያው ሌብነት ነው።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ለእኛ ሰው ከሌላው ይልቅ ጉዳቱ ስለሚከፋ ነው። የመንዝ ርስት ተሟጋች ቢያንስ ዳኛ ነበረው፤ ከጭቃ ሹም ተነስቶ እስከ ዙፋን ችሎት ይሄድ ነበር። የክሪፕቶ ተበዳይ ወዴት ይሄዳል? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች ኃይል ይሸጣል። መንግሥት ከቢትኮይን ገቢ ያገኛል፤ ዋሌቱን የተዘረፈ ወጣት ግን «ምን ልታደርግ እዚያ ገባህ?» እንዳይባል ፈርቶ ፖሊስ ደጅ አይደርስም። ሌቦቹ ይህን ዝምታ ያውቁታል። በአማርኛ የሚያጠምዱን አለምክንያት አይደለም። በእኔ አስተያየት መንግሥት ግብይቱን መፍቀድ ባይፈልግ እንኳ ተዘርፎ የመጣን ሰው አቤቱታ እንደ ማንኛውም የስርቆት አቤቱታ መቀበል አለበት። የተከለከለ ነገር የያዘ ሰውን መዝረፍ የተፈቀደ ሊሆን አይችልም።

እስከዚያው ድረስ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብዙ ያድናል። «ያልወሰድከው ገንዘብ አለ» የሚል መልእክት ሲመጣ፦ ይህ ርስት ነው ወይስ ጉልት? ርስት ከሆነ የሚያስቸኩል የለም። ዛሬም፣ ከወርም፣ ከዓመትም በኋላ አለ፤ ስለዚህ የሚያቻኩላችሁ ሰው ውሸታም ነው። ጉልት ከሆነ ደግሞ የሰጪው ፈቃድ ነው። ብታገኙት መልካም፤ ብታጡት ግን ያጣችሁት የሌላ ሰው ስጦታ ነው። ቁልፋችሁን ከሰጣችሁ የምታጡት የራሳችሁን ነው።