ጋብቻና አብያተ ክርስቲያናት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ማን ከማን ጋር ሊጋባ እንደሚችል፣ ጋብቻ በምን እንደሚጸናና ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት እንዴት እንደሚታይ የወሰኑት በአንድ ጊዜ አይደለም። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ጥያቄው በየዘመኑ መልኩን ለውጧል። መጀመሪያ የሰማንያና የቁርባን፣ ቀጥሎ የብዙ ሚስት፣ ኋላም የኤች አይ ቪ ምርመራ ጉዳይ ነበር። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ከአካባቢው ሰው ሳይሆን ከውጭ አገር እናት አብያተ ክርስቲያናት በኩል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተክሊል ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ሥርዓቱ በፍትሐ ነገሥት የተደነገገ ሲሆን በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት አይፋቱም። የሕዝቡ ኑሮ ግን ለብዙ ዘመን ከዚህ የተለየ ነበር። አብዛኛው ምእመን በሽማግሌና በምስክር ፊት በሰማንያ ይጋባ ነበር፤ ይህ ጋብቻ ሊፈርስ ስለሚችል ተጋቢዎቹ ወደ ቁርባን ሳይቀርቡ ይኖራሉ። ልጅ አሳድገው፣ ሸምግለው፣ መለያየት የማይታሰብ ሲሆን ነው ብዙዎች አብረው የሚቆርቡት። ከወጣትነቱ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ማግባት የግድ የሚሆንበት በዋናነት ቅስና የሚጠብቀው ዲያቆን ነበር። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍ ያለ ሕግ ይዛ፣ ሕጉ ላይ ያልደረሰውን ሳታባርር ግን ከምሥጢሩ አርቃ የምታኖርበት መንገድ ነበራት። ይህን ልማድ ኋላ ላይ የገፋው የከተማው ወጣት ነው። በ1982 ዓ.ም. ያረፉት አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ባቋቋሙት ማሠልጠኛና ከ1980ዎቹ ወዲህ በተጠናከሩት ሰንበት ትምህርት ቤቶች የተማረው ትውልድ በተክሊል ማግባትን የክብር መለኪያ አድርጎ ያዘው።

መንግሥት በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ አንዱን ወገን አልመረጠም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በመዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች እኩል አጸና።

በአርሲና በከረዩ ኦሮሞ ዘንድ አቅም ያለው ሰው ከአንድ በላይ ሚስት ማግባቱ የተለመደ ነበር፤ ከእስልምና መስፋፋት በኋላ ደግሞ ልማዱ ሃይማኖታዊ ድጋፍ አገኘ። የሟችን ሚስትም ወንድሙ ይወርሳት ነበር። ሚሲዮኖች በአካባቢው ጣቢያ ሲከፍቱ፣ አድቬንቲስቶች በሻሸመኔ አጠገብ በኩየራ፣ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን በሻሸመኔ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ ሜኖናይቶች በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ)፣ ይህን ቤተሰብ ነው ያገኙት። ጥያቄው ሁለትና ሦስት ሚስት ያለው ሰው ቢያምን ይጠመቃል ወይ የሚል ነበር። በዓለም ደረጃ መልሱ አንድ አልነበረም። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1941 ባጸናችው መመሪያ ሰውየው ከአንዷ በቀር ሌሎቹን ካላሰናበተ አይጠመቅም። አንግሊካኖች ተመሳሳይ አቋም ለአንድ ምዕተ ዓመት ይዘው ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 በላምቤዝ ጉባኤ አላሉት፤ ሌላ እስካልጨመረ ድረስ ከሚስቶቹና ከልጆቹ ጋር ሊጠመቅ ይችላል ተባለ። የቀድሞው ደንብ ለባል የተጻፈ ቢመስልም ዋጋውን የምትከፍለው የምትሰናበተዋ ሴት ነበረች፤ መሬትም፣ የልጆቿ አባትም፣ የማኅበረሰብ ስፍራም የምታጣው እሷ ናት። የኋላው ለውጥ የመጣው ይህ ችግር በመታየቱ ነው።

ናዝሬት በዚህ ታሪክ የተለየ ቦታ አላት። የአሜሪካ ሜኖናይቶች ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ ሥራ መጥተው በ1938 ዓ.ም. ገደማ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ሆስፒታል ከፈቱ፤ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የሚባለው ነው። የ1936ቱ የሚሲዮን ደንብ አገሩን የቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ስለከፈለው ሚሲዮን እንደ ልቡ የሚሰብክበት ቦታ የተወሰነ ነበር። የናዝሬቱ ሥራ ስለዚህ በሕክምናና በትምህርት ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች በሰኔ 1943 ተጠመቁ፤ በ1951 ዓ.ም. አካባቢ የናዝሬት ባይብል አካዳሚ ተከፈተ፤ በዚያው ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ መሠረተ ክርስቶስ የሚለውን ስም ያዘች። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ እንግሊዝኛ ለመለማመድ ወደ ሚሲዮኑ ግቢ ይመላለሱ የነበሩ የከተማው ተማሪዎች የዮሐንስን ወንጌል እያነበቡ ሰማይ ብርሃን የተባለ የመነቃቃት ኅብረት መሠረቱ።

ለጋብቻ ታሪክ ከሆስፒታሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ኅብረት ነው። ሜኖናይቶች ያመጡት የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት የዕድሜ ልክ ጋብቻ ትምህርት እንደ ማንኛውም የሚሲዮን ደንብ ከውጭ የመጣ ነበር። የጴንጤ መነቃቃት ግን ደንቡን የወጣቱ የራሱ አድርጎ ወሰደው። ከጋብቻ በፊት መታቀብ፣ መጠጥና ጭፈራ መተው፣ ከአማኝ ጋር ብቻ መጋባት የመዳን ምልክት ሆነው ተቆጠሩ። ወላጆች ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም በሆኑበት ከተማ የመጨረሻው ሁኔታ ቀላል አልነበረም፤ አማኙ ወጣት ዘመድ ያጨለትን እንቢ ሲል በሽማግሌው ፈንታ የቆመችለት ቤተ ክርስቲያን ናት።

ደርግ በጥር 1974 መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት በየቤቱ በትናንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ መንግሥቱ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆነው ወጡ። በነዚያ ዓመታት ሕዝብ በብዛት ቢሰበሰብ የማያጠራጥረው ሠርግና ለቅሶ ላይ ነበርና፣ ሠርግ የአምልኮም የስብከትም ቦታ ሆነ። ዛሬ በከተማዎቹ የወንጌላውያን ሠርግ ላይ ረጅም ስብከትና መዝሙር መኖሩ እንግዳ አይደለም።

ቀጣዩ ፈተና በመንገድ መጣ። በኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ በ1970ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ከታየ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የከባድ መኪና መስመር፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ በኩል የሚያልፈው፣ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ሆነ። ሾፌሩ የሚያድርበት ሆቴል፣ የቡና ቤቷ ሴት፣ ባሏን ጠብቃ ቤት የዋለችው ሚስት በአንድ ሰንሰለት ተያያዙ። ስለ ወሲብ በአደባባይ ተናግረው የማያውቁ አብያተ ክርስቲያናት ለመናገር ተገደዱ። ብዙዎቹ ቃል ኪዳን ከማስገባታቸው በፊት የምርመራ ማስረጃ መጠየቅ ጀመሩ፤ የቅድመ ጋብቻ ምክርም ቋሚ ሥራ ሆነ። ይህ ልማድ ስንት ሚስት ከበሽታ እንዳዳነ መገመት ባይቻልም፣ ማስረጃው የማይመች ሆኖ ሠርጉ ሲቀር ምክንያቱን መንደሩ ወዲያው ያውቀው ነበር፤ ሠርጋቸው ለቀረባቸው የተዘጋጀ ምክር ግን ጥቂት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ከለከለ፤ ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሷን የቤተሰብ ሕግ አወጣች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጠለፋን በጽኑ ቢቀጣም፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ለተፈቀደ የብዙ ሚስት ጋብቻ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል።

ያው የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። ድንጋጌው አዲስ አልነበረም፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዘንድ ጉዳዩ የተዘጋ ስለነበር ማንም አላከራከረበትም፣ ብዙም ስብከት አልተሰበከበትም። በአደባባይ የመጣው በታኅሣሥ 2001 የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የሌሎች ሃይማኖቶች መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲጸና ሲጠይቁ ነው። በአስተምህሮ ለዘመናት የተለያዩት ወገኖች በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ያለ ችግር ተስማሙ። እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በሕግ የሚያስቀጣቸውን ነገር ይዘው በየትኛውም ጉባኤ ሊቆሙ ስለማይችሉ፣ በዚህ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሰነድ ውስጥ ድምፃቸው የለም። ውይይቱ የተካሄደው ስለ እነርሱ እንጂ ከእነርሱ ጋር አይደለም።

መካነ ኢየሱስ ግን ጉዳዩን መዝጋት አልቻለችም፤ ምክንያቱ ዘመዶቿ ናቸው። በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመችው ይህች ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከኖርዌይ፣ ከዴንማርክና ከአሜሪካ በመጡ የሉተራን ሚሲዮኖች ነው። ከሁሉም ቀዳሚው፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ የደረሰው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን፣ በስዊድን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ማኅበር ነው። የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ለኅትመት ያበቃው ኦነሲሞስ ነሲብም ከዚህ ሚሲዮን ቤት የወጣ ነው። በአዳማ ወይም በሻሸመኔ በኦሮምኛ የሚያመልክ የመካነ ኢየሱስ ምእመን የእምነት ዘር ሐረጉን ቢቆጥር ስዊድን ላይ ይደርሳል።

የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ተሰብስቦ አባል አብያተ ክርስቲያናት ስለ ጋብቻ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ፆታ አምስት ዓመት ያህል ተከባብረው እንዲወያዩ ሐሳብ አቀረበ። ውይይቱ ግማሽ ሳይደርስ ሁለት ታላላቅ አባላት ወሰኑ። በነሐሴ 2001፣ እ.ኤ.አ. በ2009 መሆኑ ነው፣ በሚኒያፖሊስ የተሰበሰበው የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በታማኝ የተመሳሳይ ፆታ ኅብረት የሚኖሩ ሰዎች እንዲያገለግሉ 559 ለ451 በሆነ ድምፅ ፈቀደ። በሁለት ወር ልዩነት የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በቤተ ክርስቲያን ማስፈጸምን አጸደቀ። የአሜሪካው ሰነድ ልብ ሊባል ይገባል፤ አንድ አቋም በሁሉ ላይ አልጫነም፤ አማኞች በኅሊናቸው ታስረው የተለያየ ድምዳሜ ላይ ሊደርሱ እንደሚችሉ ተቀብሎ፣ በአንድ ቤት እንዲኖሩ ጠየቀ። ለመካነ ኢየሱስ መሪዎች ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ተናግሮበታል ብለው በሚያምኑት ነገር ላይ ሁለት መልስ እኩል ተቀባይነት ማግኘቱ ከመልሱ ይልቅ አስጨነቃቸው።

በሐምሌ 2004 የመካነ ኢየሱስ ምክር ቤት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን፣ ከአሜሪካዋ ቤተ ክርስቲያንና የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በይፋ ከተቀበሉ ሌሎች ጋር ያለው ግንኙነት እንዲቋረጥ ወሰነ። በጥር 2005 አዲስ አበባ የተሰበሰበው 19ኛው ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔውን አጸና። የዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ቄስ ዶክተር ዋቅስዩም ኢዶሳ ነበሩ፤ የአባላቱ ቁጥር ከ6 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ውሳኔው እስከ ጌታ እራት ድረስ ሄደ፤ ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ማዕድ መቁረብ ቀረ። ሆኖም መካነ ኢየሱስ ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አልወጣችም፤ በአንድ ፌዴሬሽን ጣሪያ ሥር ከማይቆርቡት ጋር መቀመጥን መረጠች። የገንዘብ ድጋፍ የምታገኝ ቤተ ክርስቲያን ደጋፊዎቿን ስታሰናብት ማየት ያልተለመደ ነበርና ዜናው በዓለም የሉተራን መንደር ሁሉ ተሰማ። በሰሜኑ ዓለም የነበረው አስተያየት ውሳኔውን የአፍሪካ ወግ አጥባቂነት ብቻ አድርጎ ቢያየውም፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቀባይ ሆና የኖረች ቤተ ክርስቲያን አስተምህሮን እኔም እመረምራለሁ የማለቷ ጉዳይ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም።

በአዳማዋ መሠረተ ክርስቶስ በኩል ነገሩ በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ እዚያ የተለየችው እናቲቱ ናት። ወደ ናዝሬት ሚሲዮናውያንን የላከው ኢስተርን ሜኖናይት ሚሽንስ የፔንስልቬንያው የላንካስተር ኮንፈረንስ ክንድ ነው። በአሜሪካ ሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የእምነት መግለጫ ጋብቻን የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ቃል ኪዳን ቢልም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከምዕራብ ኮንፈረንሶች አንዱ ከሴት ጓደኛዋ ጋር ለምትኖር መጋቢ የአገልግሎት ፈቃድ ሰጠ። ላንካስተር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ከአሜሪካዋ ቤተ ክርስቲያን ለመውጣት ድምፅ ሰጠ፤ መለያየቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተፈጸመ። የቀረችው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2022 በካንሳስ ሲቲ የቀድሞውን ገዳቢ መመሪያ ሰረዘች። ስለዚህ መሠረተ ክርስቶስ ከናዝሬት ዘመን ወዳጆቿ ጋር ለመቆራረጥ የሚያደርሳት ምክንያት አልገጠማትም፤ በቢሾፍቱ ሴሚናሪዋን እያስፋፋች በሜኖናይት የዓለም ጉባኤ ውስጥ ከሁለቱም ወገኖች ጋር አብራ ትቀመጣለች።

የካቶሊኮቹ ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። በመቂ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሥር ያሉት የስምጥ ሸለቆ ቁምስናዎች በራሳቸው የሚያቋርጡት የውጭ ግንኙነት የላቸውም፤ ማዕከላቸው ሮም ናት። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ካህናት ከሥርዓተ ጋብቻ ጋር ሳይምታታ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ቡራኬ ሊሰጡ እንደሚችሉ ስታስታውቅ፣ የአፍሪካና የማዳጋስካር ጳጳሳት ጉባኤዎች ማኅበር በቀጣዩ ወር መልስ ሰጠ። ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ያላቸው አንድነት የጸና መሆኑን አረጋግጠው፣ ይህ ቡራኬ ግን በአፍሪካ እንደማይፈጸም አስታወቁ።