የአገር መልክዓ ምድር በኦርኬስትራ፦ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት»

ሰማይን፣ ተራራንና ሜዳን በድምፅ መግለጽ በዓለም የኦርኬስትራ ሙዚቃ የቆየ ልማድ ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪየ ሜሲየን እ.ኤ.አ. በ1974 በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበው «ከሸለቆዎች ወደ ከዋክብት» በተሰኘው ሥራቸው በአሜሪካ የዩታ ግዛትን ሸለቆዎችና ሰማይ በድምፅ ገልጸዋል። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጥረት የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቀዳሚ ተጠቃሹ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1938 የተወለዱት ፕሮፌሰር አሸናፊ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ተመርቀዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ የመሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል።

«እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘው ሥራቸው በደጋው ሜዳ ከብት የሚጠብቀውን እረኛ በኦርኬስትራ ፊት ያቆማል። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራና በአብዛኛው አራት ቀዳዳዎች ያሉት ነው። አንድ ዋሽንት ሁሉንም ቅኝት ስለማያዳርስ ነፊው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይይዛል። በኦርኬስትራ የዋሽንትን ቦታ የሚተካው ፍሉት ግን አሥራ ሁለቱንም የምዕራባውያን ድምፆች ስለሚያወጣ፣ ደራሲው ከነዚህ መካከል አምስቱን መርጦ የቅኝቱን ጠባይ መጠበቅ ይኖርበታል። የአገር ቤት ቅኝት ድምፆች ከፒያኖ ድምፆች ጋር ሁልጊዜ ልክ ለልክ ስለማይገጥሙም ሥራው ጥንቃቄን ይጠይቃል።

የእረኛ ዜማ ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። የኦርኬስትራ ሥራ ግን የሚኖረው በጽሑፍ ነው። ከዋናው የኖታ መዝገብ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ኖታ ያስፈልጋል። የአንዱ መሣሪያ ኖታ ቢጠፋ ዋናው መዝገብ እስካለ ድረስ መልሶ መገልበጥ ይቻላል፤ ዋናው መዝገብም አብሮ ከጠፋ ግን ሥራውን እንደተደረሰ ማቅረብ አይቻልም።

ፕሮፌሰር አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1998 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የመሠረቱት ትምህርት ቤት በአሁኑ ወቅት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ባለሙያዎችን ያፈራል። በመሆኑም የእርሳቸውንና የመሰሎቻቸውን ኖታ እንደማንኛውም የመንግሥት ሰነድ መዝግቦ፣ ቅጂ አዘጋጅቶና በሥርዓት ጠብቆ ማቆየት ሥራዎቹ ለመጪው ትውልድ በመድረክ እንዲደርሱ የሚያስችል ተግባር ነው።