ሰልፉ ሲረዝም ልቡም ይሞቃል?

«ዘንድሮ ሕዝቡ የጋለው ለማን ነው?» ምርጫ በመጣ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ ነው። መልሱን የምንፈልገው ደግሞ ከሰልፍ ነው፤ ወይ ከድጋፍ ሰልፍ፣ ወይ ከምርጫ ጣቢያ ሰልፍ። ረጅሙን ሰልፍ አይተን «በቃ፣ አለቀ!» እንላለን። እስቲ ታሪክ ከዚህ ፍርድ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንይ።

ይህን ሒሳብ አዘውትረው የሚሠሩት አሜሪካኖች ናቸው። ፓርቲዎቻቸው ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ሰው በየግዛቱ በሚደረግ ቅድመ ምርጫ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በመጀመሪያዋ ግዛት በአዮዋ ለዴሞክራቶቹ ወደ 239 ሺህ ሰው ሲወጣ፣ ለሪፐብሊካኖቹ የወጣው የዚያ ግማሽ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ዴሞክራቱ ባራክ ኦባማ አሸነፈ። ሒሳቡ ሠራ ማለት ነው . . . ግን አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1988ም በቅድመ ምርጫ ለዴሞክራቶቹ የወጣው ሕዝብ ከሪፐብሊካኖቹ በብዙ ይበልጥ ነበር፤ ቤተ መንግሥት የገባው ግን ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ነው። የዴሞክራቶቹ ፉክክር ረጅምና የጦፈ ስለነበር ሰዉን አወጣው፤ የቡሽ ግን ቶሎ ለየለት። ሰው የሚወጣው ስለወደደ ብቻ ሳይሆን የሚለይ ነገር ሲኖርም ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ቅድመ ምርጫ የለንም። ለዚያ የሚቀርብ ነገር ያየነው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ ደጋፊዎቹን መስቀል አደባባይ አወጣ። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት እዚያው አደባባይ ላይ የራሱን ጠራ። ከተማው ሁለቱን ሰልፎች አስተያየ፤ የሁለተኛው ቀን ሕዝብ አደባባዩን አልፎ መንገዶቹን ሁሉ ሞላ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 7፣ ድምፅ ሲሰጥ አዲስ አበባ ላይ የተባለው አልቀረም፤ ለፓርላማ ከተመደቡላት 23 መቀመጫዎች 23ቱንም ቅንጅት ወሰደ። ሰልፉ አልዋሸም ነበር።

አገሩ ግን አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በመጨረሻው ይፋዊ ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሕብረት 52 አገኙ። ተቃዋሚዎቹ ድምፅ ተሰርቋል አሉ፤ በ31 የምርጫ ክልሎችም ምርጫው ተደገመ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ቢያንስ አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ የገጠሩን ልብ በመስቀል አደባባይ መለካት አይቻልም። «ገጠሩ ዝም ብሎ ነበር» ማለትም ልክ አይደለም። በአማራ ክልል ከ138ቱ መቀመጫዎች ቅንጅት ከሲሶ በላይ ወስዷል። የገጠሩ ሰው ካሜራ ፊት አልጮኸም እንጂ መርጧል።

አሁን ወደ ቁጥር እንሂድ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ደርግ ሕገ መንግሥቱን ለሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርብ 96 በመቶ መራጭ ወጣ ተባለ። በ1997 የወጣው በይፋዊው ቁጥር ወደ 83 በመቶ ነው። በ2002 ደግሞ ከ93 በመቶ በላይ። በዚህ ሚዛን ከሄድን ከሦስቱ ቀዝቃዛው 1997 ነው! ያን ዓመት በቴሌቪዥን የተላለፈውን ክርክር ያየ፣ ሌሊት ወጥቶ ወረፋ የያዘ ሰው ይህን ሲሰማ ከመሳቅ ሌላ ምን ያደርጋል?

ነገሩን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት እንመርምረው። የገበያ ቀኗ በስሟ ላይ ያለ ከተማ ናት። በሐሙስ ገበያ ጤፍ የሚሸጠው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን፣ ፊቱ የተኮለኮለው ሕዝብ ጤፉን ወዶት ይሁን አማራጭ አጥቶ በምን ይታወቃል? ፍላጎት የሚታወቀው ሁለተኛ ጤፍ ሻጭ ሲመጣ ነው።

ከ1997 በኋላ የሆነው ሁለተኛው ሻጭ ከገበያው መውጣቱ ነው። በ2000ው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት ወደ 300 መቀመጫ ከፍ ተደርጎ በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበር ቀረበ፤ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አገለሉ፣ ኢሕአዴግም ጠቅልሎ ወሰደው። 300 ወንበር ባለበት ቀበሌ እጩው ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ ዘመድ፣ ወይ የዕድር ሰው። «አልወጣም» የሚል ማን ነው? በላዩ ላይ አንድ ለአምስት ተጨመረበት። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ልቡ ግን ሌላ ቦታ እንደነበር በዓመቱ፣ በ2008፣ በኦሮሚያና በአማራ የፈነዳው ተቃውሞ ተናገረ። የ96 በመቶው ደርግም ቢሆን ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የቆየው አራት ዓመት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰልፍ ስናይ ርዝመቱን ከመለካታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ሰዉ ቤቱ ቢቀር ምን ይደርስበት ነበር? ምንም የማይደርስበት ከሆነ ያ ሰልፍ እውነተኛ ጉጉት ነው። የሚደርስበት ከሆነ ግን የምንቆጥረው ፍርሃትን ነው።

ጉጉት ዋጋም አለው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪው ኮሚሽን መዝግቧል። ያኔ ወረፋ የያዘው ሰው ድምፁ ለውጥ ያመጣል ብሎ አምኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ወረፋ የያዘው ስንቱ በዚያ እምነት ቆመ? የመራጩን ብዛት መንግሥት ሊያሟላ ይችላል፤ እምነቱን ግን ከየት ያመጣዋል?