ዊሊ ኦሪ፦ በአንድ ዓይን የተጫወተው አጥቂ

በዚህ የታሪክ ዓምድ ዘንድሮ የመረጥነው ሰው ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነው። ስፖርቱም እንግዳ ነው፤ የበረዶ ሆኪ። እዚህ እስራኤል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የበረዶ ሜዳ ሲባል የምናውቀው በሰሜን ጫፍ ያለውን የመቱላን ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ከኛ ውስጥ ረግጠነው የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ታዲያ ለምን ሆኪ? ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማታ በማትናስ ስብሰባችን ላይ "የመጀመሪያው" ስለሚለው ቃል ተነሳ። የመጀመሪያው ከኛ ወገን የሆነ እንዲህ፣ የመጀመሪያዋ ከኛ ወገን የሆነች እንዲያ እየተባለ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ እኛ እናጨበጭባለን፣ እናቶቻችን እልል ይላሉ። አንዱ ጓደኛችን ግን "እሺ፣ ሁለተኛውስ መቼ ነው የሚመጣው?" ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ዝም አለ። ለዚህ ጥያቄ ከዊሊ ኦሪ ታሪክ የተሻለ መልስ የሚሰጥ አላገኘንም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው ምን ይመስላል?

ወላጆቻችን አገር ቤት የገና ጨዋታን አይተዋል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ የሚመታ ጥንግ፣ የሚሯሯጥ ጎረምሳ። ሆኪንም ከዚያ ተነስቶ ማሰብ ይቻላል፤ ልዩነቱ ሜዳው በረዶ መሆኑ፣ ጫማው ከስሩ የብረት ስለት ያለው መሆኑ ነው። በኳስ ፋንታ ፓክ የሚባል ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር አለ። በየቡድኑ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካዮችና ሦስት አጥቂዎች ይሰለፋሉ። ከአጥቂዎቹ አንዱ መሐል፣ አንዱ የግራ ክንፍ፣ አንዱ የቀኝ ክንፍ ነው። ኦሪ የግራ ክንፍ ነበር። ይህንን ያዙልን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በ1950ዎቹ የአንድ አጥቂ መንገድ የታወቀ ነበር። ልጁ በረዶ በሆነ ኩሬ ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ የወጣቶች ሊግ፣ ከዚያ ደመወዝ የሚከፈልበት አነስተኛ ሊግ። ከላይ ደሞ ብሔራዊው የሆኪ ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ አለ። በዚያን ጊዜ ሊጉ ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩት። አንድ ቡድን ሃያ ገደማ ተጫዋች ቢይዝ በጠቅላላው ከመቶ ሃያ ብዙም የማይበልጥ ቦታ ማለት ነው። ተጫዋቹ ደግሞ ወደፈለገበት አይሄድም፤ ንብረትነቱ የቡድኑ ስለሆነ ሲሸጡት ይሸጣል፣ ሲለውጡት ይለወጣል። የነጭ ልጅም ቢሆን በዚህ ወንፊት ማለፍ ይከብደው ነበር።

የፍሬድሪክተን ልጅ

ዊሊ ኦሪ በ1935 በካናዳ፣ በኒው ብራንስዊክ ክፍለ ሀገር፣ ፍሬድሪክተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከ13 ልጆች የመጨረሻው ነው። ከዘር ማንዘሮቹ አንዱ ከአሜሪካ ደቡብ ከባርነት አምልጠው ወደ ካናዳ የገቡ ነበሩ። በከተማዋ የነበሩት የጥቁር ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ልጁ በሦስት ዓመቱ በበረዶ ጫማ ቆመ፤ በአምስት ዓመቱ በቡድን መጫወት ጀመረ። ታላቅ ወንድሙ አሠልጣኙ ነበር። እየገፋ እየጣለ ነበር ያሳደገው፤ ነገ ሌሎች እንደሚገፉት ያውቅ ስለነበር።

በ1949 ዊሊ ቤዝቦል ከሚጫወትበት የልጆች ቡድን ጋር ኒው ዮርክን ሊጎበኝ ሄደና ጃኪ ሮቢንሰንን አገኘው። ሮቢንሰን ከሁለት ዓመት በፊት በ1947 ወደ ትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ገብቶ የቀለም አጥሩን የሰበረ ሰው ነው። ልጁ ሆኪም እንደሚጫወት ሲነግረው ሮቢንሰን ተገረመ፤ ሆኪ የሚጫወት ጥቁር መኖሩን አልሰማም ነበር። የሚገርመው ግን ከዚያ በፊት፣ ገና በ1895፣ በካናዳ ሃሊፋክስ ከተማ የጥቁሮች የሆኪ ሊግ ተመሥርቶ ነበር። በረዶው ለነሱ እንግዳ አልነበረም፤ በሩ ነበር የተዘጋው። ከኦሪ በፊት ኸርብ ካርኔጊ የሚባል ድንቅ ጥቁር ተጫዋች ነበር፤ ጨዋታውን ያዩ ሁሉ መስክረውለታል፤ ኤን ኤች ኤል ሳይገባ ዕድሜው አለፈ።

ፓኩና ምስጢሩ

በ1955–56 ኦሪ በኦንታሪዮ በወጣቶች ሊግ ሲጫወት ፓክ በርሮ ቀኝ ዓይኑን መታው። በዚያን ጊዜ የራስ ቁር የሚያደርግ ተጫዋች አልነበረም ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ዓይኑ ከእንግዲህ እንደማያይ፣ ሆኪውም እንዳበቃለት ነገረው። በዚያ ዓይን 95 በመቶ ዕይታውን አጥቷል። ልጁ ገና 20 ዓመቱ ነበር።

የሊጉ ደንብ በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ተጫዋች አይቀበልም። ስለዚህ ኦሪ ዝም አለ። ለአንዲት እኅቱና ለአንድ የቅርብ ጓደኛው ብቻ ነግሮ ወደ በረዶው ተመለሰ። ለወላጆቹ እንኳ አልነገረም።

አሁን የግራ ክንፍ ያልነውን አስቡ። የግራ ክንፍ ተጫዋች በግራ በኩል በግድግዳው ጥግ ነው የሚሮጠው። ሜዳው በሙሉ፣ የመሐል አጥቂውም፣ የሚቀበላት ፓክም በቀኙ ናቸው፤ ማለትም በማያየው ዓይኑ በኩል። ፓኳን ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ማዞር ነበረበት። በዚያ ፍጥነት አንገቱን ሲያዞር የሚመጣውን ተከላካይ አያይም። ብዙ ኳስ አመለጠው። ሰው "ፈጣን ነው፣ ጎል ላይ ግን ይስታል" ሲለው ምክንያቱን መናገር አይችልም።

በማኅበራችን በዚህ ጉዳይ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን "ውሸት ነው፤ ራሱንም ሌላውንም አደጋ ላይ ጥሏል" አልን። ሌሎቻችን "በአንድ ምክንያት ሊመልሱት ለሚፈልጉ ሰዎች ሁለተኛ ምክንያት እንዴት ያቀብላቸዋል?" አልን። አልተስማማንም። ግን ሁላችንም አንድ ነገር ገባን። በየቤታችን ሕመማቸውን ዋጥ አድርገው ሥራ የሚሄዱ አባቶችና እናቶች አሉን። "ደክሟቸዋል ይሉኛል" ብለው ነው። የኦሪ ዝምታ ለኛ ሩቅ አይደለም።

ከጆርጂያ የተመለሰው አውቶቡስ

በ1956 አንድ የቤዝቦል ቡድን፣ ሚልዋኪ ብሬቭስ፣ ለሙከራ ጠራው። ሙከራው በአሜሪካ ደቡብ፣ በጆርጂያ ነበር። እዚያ "ለነጮች ብቻ" የሚል ጽሑፍ መጸዳጃ ቤት በር ላይ አየ። ቡድኑ ሳይመርጠው ሲቀር በአውቶቡስ ወደ አገሩ ተመለሰ። መንገዱ ቀናት ወሰደ። ሲነሳ ያስቀመጡት ከኋላ ወንበር ነበር፤ አውቶቡሱ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር እሱም ወደ ፊት እየተጠጋ፣ አገሩ ሲደርስ ከፊት ተቀምጦ ነበር። በዚያ ጉዞ ነው ቤዝቦሉን ትቶ ሆኪውን የያዘው።

ጥር 18 ቀን 1958

በኩቤክ ኤስስ ቡድን ሲጫወት ቦስተን ብሩይንስ ተጫዋች ጎድሎባቸው ጠሩት። ጨዋታው በሞንትሪያል ከተማ ነበር፤ ቦስተን 3 ለ 0 አሸነፈ። ኦሪ ጎል አላገባም። ግን በኤን ኤች ኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። እሱ ራሱ ይህንን ያወቀው በማግስቱ ጋዜጣ ሲያነብ እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ወደ አነስተኛው ሊግ መለሱት።

በ1960–61 እንደገና ተጠራ፤ 43 ጨዋታ ተጫወተ። ጥር 1 ቀን 1961 በቦስተን ሜዳ በሞንትሪያል ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ፤ ቡድኑም 3 ለ 2 አሸነፈ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። በሌሎች ከተሞች ግን ከተመልካች መቀመጫ የሚወረወረው ስድብ ነበር፣ በተለይ በአሜሪካ ከተሞች። ቺካጎ ላይ አንድ ተጫዋች ሰድቦት በዱላው ጫፍ ፊቱን መታው፤ አፍንጫው ተሰበረ፣ ሁለት ጥርስ ወለቀ። ኦሪም በዱላው መልሶ መታው፤ ሜዳው ተደባለቀ። ቅዱስ አድርገን ልናቀርበው አንፈልግም። ሰው ነው፣ ሲመቱት ይናደዳል። ከዚያ በኋላ ግን ለራሱ የወሰነው በስድብ ምክንያት ጨዋታውን እንደማይተው ነበር።

በዚያ በጋ በሚቀጥለው ዓመትም ከቦስተን ጋር እንደሚሆን ነግረውት ነበር። ሳምንታት ሳያልፉ ለሞንትሪያል ለወጡት። ሞንትሪያል ያኔ የኮከቦች ቡድን ስለነበር ለሱ ቦታ አልነበረም። ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ምዕራቡ አነስተኛ ሊግ ተላከ። የኤን ኤች ኤል ዘመኑ 45 ጨዋታ፣ 4 ጎል፣ 10 ለጎል የሚሆን ኳስ ሆኖ አበቃ። 25 ዓመቱ ነበር።

ማንም ያላየው ረጅሙ ክፍል

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። ለኛ ግን ትልቁ ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሎስ አንጀለስ አሠልጣኙ ከግራ ክንፍ ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወረው። ቦታው ሲቀየር ሜዳው በግራው፣ በሚያየው ዓይኑ በኩል ሆነ። በ1964–65 38 ጎል አገባ! በ1968–69 ደግሞ በሳን ዲዬጎ ሌላ 38። በዚያ ሊግ ሁለት ጊዜ የጎል ንጉሥ ሆነ። የተጫወተው እስከ 1979 ነው፤ ጫማውን ሲሰቅል 43 ዓመቱ ነበር። ችሎታው ከመጀመሪያው ነበረው፤ የጎደለው ትክክለኛ ቦታ ነበር። የስንቱ ልጅ ታሪክ ነው ይሄ? "አይችልም" ተብሎ ሌላ ክፍል የሚወረወር፣ ወንበሩን ቢቀይሩለት ግን የሚያይ።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ሁለተኛው መቼ መጣ? ማይክ ማርሰን የተባለ ጥቁር አጥቂ በዋሽንግተን ቡድን ኤን ኤች ኤል የገባው በ1974 ነው። ኦሪ ከወጣ 13 ዓመት በኋላ! በ1967 ሊጉ ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ቡድን ሲያድግ እንኳ በሩን ያንኳኳለት ሰው አልነበረም። እንግዲህ "የመጀመሪያው" ሲገባ በሩ ተከፈተ ብለን እንጽፋለን፤ የኦሪ ታሪክ የሚያሳየን በሩ ተከፍቶ መልሶ ሊዘጋ እንደሚችል ነው። አንድ እንጨት አይነድም ይላሉ አባቶቻችን።

ጡረታ ያልወጡት ሽማግሌ

እስካሁን በተጫዋችነት ዘመኑ "እሱ" ስንል ቆየን። አሁን ግን እንደ አያቶቻችን ያሉ ሽማግሌ ናቸውና "እሳቸው" እንበል። ጨዋታ ካቆሙ በኋላ አቶ ኦሪ በሆቴል ጥበቃ ሳይቀር ሠርተዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሊጉ ጠራቸውና በየከተማው እየዞሩ ሆኪ ለማይደርሳቸው ልጆች ሆኪን ማድረስ ሥራቸው ሆነ። በ2018 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ሲገቡ የገቡት በተጫዋችነት ሳይሆን ጨዋታውን በገነቡ ሰዎች ተርታ ነው። 45ቱ ጨዋታ በቂ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ያመጧቸው ልጆች ግን በቂ ነበሩ። ጥር 18 ቀን 2022፣ ልክ ከመጀመሪያው ጨዋታ 64 ዓመት በኋላ፣ ቦስተን 22 ቁጥር ማሊያቸውን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ሰቀለው።

ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ዓመት ከኛ ማኅበር አንዳንዶቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተናል፣ አንዳንዶቻችን ከሠራዊት ወጥተናል። አንዳንዶቻችን በክፍላችን፣ በሥራ ቦታችን "የመጀመሪያ" ነን። ደስ ይላል፤ ያስፈራልም። ከአቶ ኦሪ የተማርነው ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ የገባ ሰው እግሩን በሩ ላይ አድርጎ ይቁም፣ ከኋላው ያለውን ልጅ እጁን ይዞ እስኪያስገባ ድረስ። ስለዚህ ከዚህ መጽሔት መውጣት በኋላ እያንዳንዳችን ከሰፈራችን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይዘን በሳምንት አንድ ማታ አብረን ልናጠና ተስማምተናል። መቀላቀል የሚፈልግ ማትናስ ይምጣ። በሚቀጥለው ዓመት እትም ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ሦስተኛውና ስለ አሥረኛው እንጽፋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።